ዝምታም ይላክ

ሰኞ

ዘጋችው። መስመሩ ነው የተቋረጠው እያልኩ ራሴን ሳታልል ዋልኩ እንጂ፣ እሷው ናት የዘጋችው።

ሸህ ሙሄ ትናንት ነው መካነ ሰላም የገቡት። ከከላላ ወዲያ ካለ መንደር እስከ መኪናው መንገድ በበቅሎ፣ ከዚያ ወዲህ በአይሱዙ ጋቢና። ለልጆች ቁርዓን የሚያስቀሩ፣ ንባቡን የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ፋጡማ ዓረብ አገር ሄዳ፣ ከአሠሪዎቿ ቤት ጠፍታ ወጥታ፣ አሁን መጠለያ ውስጥ ናት። እዚያ ሴቶቹ ሞባይል አይይዙም። የሚደውሉት ከመጠለያው ቢሮ ነው፤ ጥሪው ደሴ ዋናው ቢሯችን ይገባና በብሮድባንዱ ወደኛ ቅርንጫፍ ይተላለፋል። የድርጅታችን ሥራ ይሄው ነው፣ የተሰደዱትን ከቤተሰብ ማገናኘት። የኔ ሥራ ደግሞ ያችን ከደሴ እስከ እኛ ያለችውን መንገድ መጠበቅ። ወረቀት ላይ "የኔትወርክ ባለሙያ" ይላል። እዚህ ግን ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የምትጠራዋ የሺ ነኝ።

ስልኩ ረፋድ ላይ መጣ። እጀታውን አስያዝኳቸው። አንቺም ስሚልኝ፣ ለእናቷ የምነግረው እንዳይጠፋኝ ስላሉ ድምፅ ማጉያውንም ከፈትኩት። ሰላምታው ራሱ መከራ ነበር። ፋጡማ እናቷን ትጠይቃለች፣ ጎረቤት ትጠይቃለች፣ ላሟ ወለደች ወይ ትላለች፤ ድምጿ ግማሹ ይመጣል፣ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። እሳቸው አልሐምዱሊላህ ብለው ሳይጨርሱ የሷ ሌላ ጥያቄ ይደርስና ይጋጫሉ። ሁለቱም ይተዋሉ። ሁለቱም ደግመው ይጀምራሉ። ሸሁ እኔን ያዩኛል፣ እኔ ሳጥኗን አያለሁ። ራውተሯን ማለቴ ነው፤ ሳጥኗ ነው የምላት።

ከዚያ አንዲት ነገር ጥርት ብላ መጣች።

"አባዬ፣ ባዶ እጄን ነው የምመጣው።"

ሸሁ ዝም አሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። እንባቸው ፂማቸው ውስጥ ገባ። እንደሳቸው ያለ አባት ልጁ እየሰማችው አያለቅስም፤ ዋጥ አድርጎ እስኪያልፍለት ይጠብቃል። እሷ ግን እስኪያልፍላቸው አልጠበቀችም። "አባዬ? አባዬ?" አለች፣ በቃ።

ከሰዓት ሰይድ ደወለ። ሰይድ ደሴ ላይ የኔን ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። ፋጡማ "ባዶ እጄን መምጣቴን ሲሰሙ አባቴ ዘጉብኝ" ብላ ወደ አገር ቤት ከሚመለሱት ጋር አልሄድም ማለቷን ነገረኝ። የተመላሾቹ ምዝገባ ሐሙስ ማታ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሌላ ዙር ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። የቀድሞ አሠሪዋ ደግሞ መጠለያው በር ድረስ እየመጣች ተመለሽ ትላታለች አሉ። የመጠለያዋ ሠራተኛ አባትሽ አልዘጉም ብትላት፣ እሳቸው ራሳቸው ይበሉኝ ብላለች። ሐሙስ ረፋድ አንድ ጥሪ ተፈቅዶላታል። አንድ።

ይሄን ሁሉ ለሸሁ መንገር የኔ ዕጣ ሆነ። "እኔ? እኔ ልዘጋባት?" አሉ። መስጊዱ አጠገብ አብሮ አደጋቸው ቤት አርፈዋል፤ እስከ ሐሙስ ይቆያሉ።

ምሳ አልበላሁም። አልራበኝም ነበር።

ማክሰኞ

ከራስ ምታት ጋር ገባሁ። ሰላም የሚለኝን ሁሉ በግማሽ አፍ ነው የመለስኩት።

የኛ መስመር ጠባብ ነው። ሪፖርቱም፣ ኢሜይሉም፣ ፎቶውም፣ ስልኩም በዚያችው ነው የሚያልፈው። ማን ቀድሞ ይለፍ የሚለውን የምትወስነው ሳጥኗ ናት። ደብዳቤ ቢያረፍድ ደብዳቤነቱ አይቀርም። ያረፈደ ድምፅ ግን አይረባም፣ ስልኩ ራሱ ይጥለዋል። ስለዚህ ድምፅ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ይሄን ሥራ እንደጀመርኩ አስተካክዬ ነበር። ታዲያ ትናንት ምን ነካው?

ሳጥኗን ከፍቼ የቅድሚያውን ረድፍ አየሁት። ወይ ጉድ።

ስልኩ አለ። የሥራ አስኪያጃችን የጋሼ መላኩ ኮምፒውተር አለ። የሒሳብ ሠራተኛዋ የጽጌ አለ። የስብሰባ አዳራሹ አለ። የዘበኛችን የአባ ይመር ሞባይል ሳይቀር አለ። ሁሉንም ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ጽጌ አንድ ቀን ሪፖርቱ አልሄድ ብሏት ዓይኗ እንባ ሲያቀር አስገባኋት። አዳራሹን የዞን እንግዶች መጡ ተብሎ። አባ ይመር ደግሞ ጠዋት ጠዋት ቆሎ ይዘግኑልኛል፤ መንዙማቸው ሲቆራረጥባቸው አይቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። የጋሼ መላኩን ለብቻው እጽፈዋለሁ። ሰው መጥቶ ፊትሽ ቆሞ ሲለምን እንቢ ማለት እኛ አገር የት ተለምዶ! ድግስ ቤት ያለሁ ይመስል ለመጣው ሁሉ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ኧረ ወደ ላይ ስል ከረምኩ። ታች የሚቀመጥ ጠፋ። ስልኩም ከነሱ ጋር እየተጋፋ ቆመ።

ይሉኝታዬ ነው እንግዲህ። ትምህርት ቤት ይሄ አይነት ብልሽት እንዳለ ማንም አላስተማረኝም።

እያንዳንዱን ማውጣት ጀመርኩ። አባ ይመር ምክንያቱን ስነግራቸው፣ መንዙማው የት ይሄዳል፣ የሰው ልጅ ይቅደም ብለው ሸኙኝ። ጽጌ አኮረፈች። ከወንበሬ አነሳሽኝ በይኛ አለችና ቀኑን ሙሉ በስሜ ሳይሆን "ባለሥልጣኗ" እያለች ጠራችኝ። ትጥራኝ።

ከሰዓት ቀበሌ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ተጠርተን ሄድን። ቅድሚያ የሚሰጣቸው ጉዳዮች ተነበቡ። ቁጥራቸው ጠፋብኝ፤ ሁሉም ቅድሚያ የሚሰጠው ነው። ሳቄ መጣ። ጽጌ በክርኗ ጎሰመችኝ፤ እሷም ገብቷታል ማለት ነው። ኩርፊያው ትንሽ ላላ።

ስንመለስ ከሰይድ ጋር ሞከርን። ይሻላል። የሱን ጫፍ እሱም እያስተካከለ ነው፤ ወደኛ የሚመጣውን የሚያስቀድም እሱ፣ ከኛ የሚወጣውን የማስቀድም እኔ ነኝና አንዳችን ብቻ ብንለፋ ዋጋ የለውም። የቀረው የጋሼ መላኩ ነው። ዛሬ ከስብሰባው በቀጥታ ቤታቸው ሄዱ። እውነቱን ልጻፍና ደስ አለኝ፣ ለነገ ስላስተላለፈልኝ።

ረቡዕ

ሰይድ እየደጋገመ "አለሽ?" ይለኛል።

ጠዋት እየሞከርን ነው። ድምፁ ጥርት ብሏል፣ ደሴ ቢሯቸው ውስጥ ወንበር ሲጎተት ይሰማኛል። እኔ ግን ዝም ባልኩ ቁጥር፣ ሳጥኗን እያየሁ ወይ አንድ ነገር እየነካካሁ፣ እሱ አለሽ ይላል። አለሁ እላለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አለሽ? ምን ሆነሃል አልኩት ተናድጄ። ዝም ስትይ የሞተ መስመር ነው የሚመስለው፣ ዘግተሽ የሄድሽ ነው የሚመስለኝ አለኝ።

እጄን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳሁ።

እኔ ነኝ ያደረግኩት። መስመሩ ጠባብ ስለሆነ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ፣ ሰው በማይናገርበት ጊዜ ስልኩ ምንም እንዳይልክ አድርጌዋለሁ። ሲናገሩ ይልካል፣ ዝም ሲሉ አይልክም። ብልሃት መስሎኝ ነበር። ለምን ባዶ ነገር ይላካል አልኩ። ዝም ያለ ሰው ባዶ ነው ያለኝ ማን ነው? የሸሁ ትንፋሽ፣ ያ ሲቃ፣ ያ ከንፈር ላይ የቀረ ዱዓ፣ አንዱም አልሄደም። ፋጡማ ጆሮ የደረሰው የተዘጋ በር ነው። ልጅቷ አልተሳሳተችም። እሷ ባለችበት ሆኖ ለሚሰማ አባቷ በእርግጥ ዘግተውባታል።

ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ጽጌ ውሃ አመጣችልኝ።

አሁን ያንን ነገር ማንሳት ይቻላል። ከተነሳ ግን ስልኩ ዝምታውንም ትንፋሹንም ሳያቋርጥ ይልካል፤ ቦታ ይፈልጋል። ያን ቦታ ደግሞ ረፋድ ረፋድ የሚይዙት ጋሼ መላኩ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ልጃቸው አዲስ አበባ ናት፤ ትንሿን የልጅ ልጃቸውን በየቀኑ ረፋድ ላይ በቪዲዮ ያዩዋታል። በሩ ተዘግቶም ሳቃቸው ይሰማል፤ በሌላ ሰዓት ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። ያስገባኋቸው ለዚህ ነው። ማን አስችሎት እንቢ ይላል?

ገባሁ። ቆሜ ነው የተናገርኩት፣ ተቀመጪ ሲሉኝም አልተቀመጥኩም። ስለ ፋጡማ ነገርኳቸው፣ ስለ ሐሙስ፣ ስለ መስመሩ። ኮምፒውተርዎን ከቅድሚያው ላውጣው፣ ስልክ ሲኖር ምስሉ ይደበዝዝ ይሆናል እንጂ ጨርሶ አይዘጋም፣ ስልክ ከሌለ ደግሞ መንገዱ የርስዎ ነው አልኳቸው። አዳመጡኝ። ከዚያ ሐሙስ የልጅ ልጃቸው ልደት እንደሆነ ነገሩኝ። ረፋድ ላይ ኬክ ይቆረሳል፣ አያቷ ሻማው ሲጠፋ አያለሁ ብለው ቃል ገብተዋል።

"የሌላውን ሁሉ አንሺ ልጄ" አሉ። "የኔን ግን ተይው።"

እሺ ጋሼ ብዬ ወጣሁ። አፌን ምን ነካው? እሺ ለማለት አልነበረም የገባሁት።

ሸሁ ከዙህር ሶላት በኋላ መጥተው በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ነገ ይሠራል ወይ አሉኝ። ኢንሻአላህ አልኩ፣ እንደሳቸው። ምን እንደተበላሸ ጠየቁኝ፤ ዝም ሲሉ ትንፋሽዎ አይሄድም ነበር አልኳቸው። እሳቸው የሚያስቀሯቸው ልጆች መሐል ላይ ሲያቆሙ የረሳውንና ሆዱ የባሰውን የሚለዩት በትንፋሹ እንደሆነ ነገሩኝ። እሷንም ያስቀራኋት እኔ ነኝ አሉ፣ ትንፋሽ መስማት ታውቃለች።

ይሄን ከሰማሁ በኋላ ሥራ አልሠራሁም። ደክሞኛል፣ ሰው አድክሞኛል።

ሐሙስ

አወጣኋቸው።

ቢሮ ስገባ ሻርፔን ሳላወልቅ ነው ያደረግኩት፣ ካወለቅኩ የማስብ መሰለኝ። የጋሼ መላኩን ኮምፒውተር ከቅድሚያው ረድፍ አነሳሁ። ስልኩ ዝምታውንም እንዲልክ አደረግኩ። ከዚያ በራቸውን አንኳኳሁና ነገርኳቸው።

"ሳትጠይቂኝ?"

"ጠይቄዎት ነበር ጋሼ።"

መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት። ወጣሁና በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። ከሥራ ብባረር ኩታበር እናቴ ጋ እመለሳለሁ፤ አንድ ክፍል አላት፣ እንጣበባለን። ይሄን ሳስብ ነው የተረጋጋሁት።

ሸሁ ነጭ ለብሰው መጡ፣ ለጁምዓ የሚለብሱትን። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሳጥኗን ባትሪው ላይ ሰካኋትና የማውቀውን ሁሉ ጸለይኩ፣ ማርያምንም ጠራሁ፣ ያረቢም አልኩ። ጽጌ ሳልነግራት የራሷን ኮምፒውተር ጨርሶ አጥፍታ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ከጋሼ መላኩ ክፍል የሕፃን ድምፅና ጭብጨባ ይሰማል። ልደቱ ጀምሯል።

ስልኩ ጠራ።

ድምፅ ማጉያውን እንደ ሰኞው ከፈትኩት። ሰላምታው በሙሉ መጣ። አንዱም አልተጋጨም። እሷ ትጠይቃለች፣ እሳቸው ይጨርሳሉ፣ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እሷ ትጨርሳለች። ድምጿ ግን እንደ ሰኞው አይደለም፣ ቀዝቅዟል። እናቷን ጠየቀች፣ ላሟን አልጠየቀችም። ሸሁ ላሟ ወልዳለች ብለው ራሳቸው ነገሯት። እሰይ አለች፣ ለወጉ ያህል።

ከዚያ እሷው አነሳችው። ባለፈው ነግሬዎት ነበር አለች፣ ምንም የያዝኩት የለም፣ ሁለት ዓመት ሠርቼ የከፈሉኝ የለም፣ የለበስኩትን ብቻ ነው ይዤ የምመጣው። ሰው ምን ይላል፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?

ሸሁ ዝም አሉ።

ልክ እንደ ሰኞው። ዓይናቸው ተከደነ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ የለም። በሉ እንጂ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ጽጌ ክንዴን ያዘችኝ። ሳጥኗን አየሁ፣ መብራቷ አረንጓዴ ነው። ጊዜው አላልቅ አለኝ። አሁን ትዘጋለች፣ አሁን ትዘጋለች እያልኩ ነው።

አልዘጋችም።

"አባዬ" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እያለቀሱ ነው?"

ሸሁ ደነገጡ። እጀታውን ከጆሯቸው አነሱና አዩት፣ መልሰው ያዙት።

"ተሰማሽ?"

"ትንፋሽዎ ይሰማኛል።"

ያኔ ነው የለቀቁት። እኛ ፊት፣ ሁለት ሴቶች ፊት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እሷም ከዚያ። ጽጌም፣ እኔም። ለዚያ ሁሉ ለቅሶ መስመሩ በቃ፣ አንዱም አልተቆረጠም። በመጨረሻ ሸሁ አፋቸውን ገልጠው "ነይ" አሏት። "እጅሽን ይዘሽ ነይ። ሌላ ማን ምን ጠየቀሽ?"

እሺ አባዬ አለች። እዚያ ስልኩን ሌላ ሰው እየጠበቀ ነበርና ጥሪው አለቀ።

ቀና ስል ጋሼ መላኩ በራቸው ላይ ቆመዋል። መቼ እንደወጡ አላየሁም። ሸሁን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተመልሰው ገቡ።

ሰይድ ስሟ መመዝገቡን አጣርቶ እደውላለሁ ብሎ ነበር፣ አልደወለም። ቢሮ እስኪዘጋ ጠበቅኩ። እሺ ያለችው በመጨረሻው ቀን ነው፤ ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ፈርማ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ዓርብ

ሸሁ በጠዋት አይሱዙ ሄዱ። ጁምዓን ከላላ ነው የምሰግደው፣ እናቷ ትጠብቃለች አሉ። ተሳካ ወይ ሲሉኝ አላወቅንም ማለት ከበደኝ፤ ግን አልኩት። ይሁን፣ ድምፄን ሰምታለች አሉ። አላህ ያክብርሽ፣ የልጅ እናት ያድርግሽ ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ እዚያው ቆምኩ፣ አባ ይመር ቆሎ ይዘው እስኪጠሩኝ።

ጋሼ መላኩ አስጠሩኝ። መባረሬ ነው ብዬ ቦርሳዬን በዓይኔ ፈለግኩ። የትናንቱን ነገሩኝ። ሻማው ሊጠፋ ሲል ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ሲነቃ ኬኩ ተቆርሷል፣ ልጅቷ አፏን ሞልታ ትስቃለች። ሻማውን አላዩትም።

ይቅርታ ጋሼ አልኩ። ከልቤ ነው።

ያች የሽማግሌው ልጅ ትመጣለች ወይ አሉኝ። እስካሁን ያወቅነው የለም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ቆይተው፣ የኔ እንደዚያው ሊቀር ነው አይደል አሉ። አዎ አልኩ። ይሄ አዎ ከአፌ ሲወጣ እኔንም ገረመኝ። ስልክ በሌለበት ሰዓትስ? ያን ጊዜማ መንገዱ የርስዎ ነው፣ ማንም አይነካዎትም አልኳቸው። ታዲያ እንዲህ ብለሽ አትነግሪኝም ነበር ወይ አሉኝ። ረቡዕ ነግሬያቸዋለሁ! ቃል በቃል ነው የነገርኳቸው። ዋጥኩት እና ወጣሁ።

ረፋድ ላይ ቪዲዮአቸው ተከፈተ። የትንሿ ልጅ ሳቅ በበሩ ሥር ይወጣል፣ የሳቸውም። ጽጌ ሪፖርቷን ልካ ጨርሳለች፤ ሁለተኛ ረድፍም ቢሆን ሄደ፣ ሞቼ አልተገኘሁም አለች። ባለሥልጣኗ ማለቷን ግን አልተወችም።

ከዚያ ስልኩ ጠራ። እጄ እጀታው ላይ ሆኖ ከጋሼ መላኩ ክፍል ሳቁ ቀጥ ሲል ሰማሁት። ምስሉ ቆመ ማለት ነው። አሁን ይጮሃሉ ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

ሰይድ ነው። ስሟ ገብቷል አለኝ። ትናንት ማታ፣ ሊዘጋ ሲል ፈርማለች። የበረራው ቀን ገና አልታወቀም፣ ሳምንትም ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል፣ ግን ገብቷል። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከዚያ ዝም አልኩ። ሰይድ አለሽ አላለኝም።

ከበሩ ወዲያ ጋሼ መላኩ ልጅቷን ሲያባብሉ ሰማሁ።

"ቆይ የኔ እናት፣ አትቆጪ። ሰው እያወራ ነው።"